የረሃብተኛው ስም በማን እጅ ተጻፈ

ከመቱና ከጎሬ ደጋ አንሥቶ በያዮ፥ በዳሪሙና በቡሬ በኩል እያለ ወደ ባሮ ቆላ የሚወርደው የኢሉባቦር ምድር ዝናቡ ከሌላው አገር ቀድሞ የሚገባና ዘግይቶ የሚወጣ፥ ሶርና ገባ በበጋ እንኳ ሳይነጥፉ የሚፈሱበት፥ ቡናውም በዋንዛ ጥላ ሥር የሰው እጅ ሳይነካው የሚበቅልበት አገር በመሆኑ፥ የረሃብን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ወሎንና ትግራይን፥ ሐረርጌንና ጋሞ ጎፋን በየተራ ሲያነሡ ይህን አገር ሳይጠቅሱት አልፈው መሄዳቸው አያስደንቅም። ሆኖም የረሃብ ዕርዳታ በኢትዮጵያ እንዴት እንደ ታሰበ፥ እንዴት እንደ ተመራና በምን እንደ ተበላሸ ለመመርመር የሚሻ ሰው ከዚህ አገር የተሻለ መመልከቻ አያገኝም፤ ምክንያቱም ረሃቡ ራሱ ወደ ኢሉባቦር ባይመጣም ዕርዳታው በ1977 ዓ.ም. መጥቷል፥ የመጣውም በአውቶቡስ ተጭኖ፥ ሰው ሆኖ ነው።

ዕርዳታ ተበላሸ በተባለ ቁጥር ኅሊናችን ፈጥኖ የሚሄደው ወደ መጋዘኑ ዘበኛ፥ ወደ ከባድ መኪናው ሾፌርና ጆንያውን በሌሊት ወደሚያሸሸው ነጋዴ ነው። እነዚህ መኖራቸውን የሚክድ የለም። ነገሩን ከሥሩ ለተከታተለው ግን ጥፋቱ ከመጋዘኑ በፊት፥ የተራበው ሰው ስም በማን እጅ፥ በምን ሐሳብና ለማን ጥቅም እንደሚጻፍ በተቈረጠበት ሰዓት የተጀመረ ሆኖ ይገኛል። ይህም አዲስ ነገር አይደለም፤ በግብረ ሐዋርያት በምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈው በኢየሩሳሌም የነበረችው የመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን በዕለት ምግብ እደላ ምክንያት አጉረምርማ ነበር፤ የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎች መበለቶች ከዕለቱ ምግብ ቸል ተባሉ፥ ሐዋርያትም እደላውን ራሳቸው በሾሙት ሰው እጅ ማድረግ ሲችሉ፥ በመልካም የተመሰከረላቸውን ሰባት ሰዎች ማኅበሩ ራሱ እንዲመርጥ አዘዙ። ቅዱስ እስጢፋኖስ ከሰባቱ አንዱ መሆኑን በየዓመቱ እናስበዋለን፤ የተመረጠበትን ምክንያት፥ ማለትም የተበደሉ መበለቶችን ጩኸት፥ ግን ብዙ ጊዜ አናስታውሰውም።

በአገራችን ሕዝቡ ክፉ ቀን ብሎ በሚጠራው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ዘመን ከብቱ በደስታ በሽታ አልቆ፥ የሚያርስ በሬ ጠፍቶ፥ ዳግማዊ ምኒልክ ዶማ ይዘው በገዛ እጃቸው እንደ ቈፈሩ ይነገራል። በዚያ ዘመን ረሃቡን ለመሰወር የሞከረ የለም፤ ንጉሡም ሕዝቡም በአንድነት ወደ እግዚአብሔር አለቀሱ። ረሃብን መሰወር የመጣው መንግሥት የውጭ ሰው የሚያየው መልክ ካበጀ በኋላ ነው።

በ1964 እና በ1965 ዓ.ም. በወሎ ዝናቡ ቀርቶ እህሉ በጠፋ ጊዜ፥ ሹማምንቱ ወሬውን አላጡትም፤ ያጡት ወሬውን ጮኾ የመናገር ድፍረት ነበር። ወደ አዲስ አበባ በእግራቸው የተነሡ ረሃብተኞች ዋና ከተማዋን እንዳይገቡ በፖሊስ ከመንገድ ተመለሱ፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ወርደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ባሳዩ ጊዜም የተገኘው ምላሽ ከቍጣ ያለፈ አልነበረም። የሞተው ሰው ቍጥር እንደ ገማቹ ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይለያያል፤ ይህ ልዩነት ራሱ የሟቾቹን ስም የጻፈ እጅ እንዳልነበረ ያሳያል። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ፊልሙን በአገሩ ቴሌቪዥን ካሳየ በኋላ ነው ዓለሙ የሰማው። ያው ፊልም ከቤተ መንግሥቱ ግብር ሥዕሎች ጋር ተቀጥሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ሕዝብ ታየ፥ በማግሥቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። አዲሱ መንግሥት እንግዲህ በረሃብተኛው ስም ገባ፤ የተሰወረውን ገለጥሁ ብሎ ገባ።

ከዚያው መከራ የተወለደው የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን፥ ለእውነት መመስከር ይገባልና፥ በብዙ ረገድ የሚያስመሰግን መሥሪያ ቤት ነበር፤ የዝናቡን መዛባት፥ የእህሉን ዋጋና የሕዝቡን ፍልሰት እየተከታተለ አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ሥርዓት አቁሞ ነበር። በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አደጋ ላይ መሆኑንና 900 ሺህ ቶን ያህል እህል እንደሚያስፈልግ ለለጋሾች ሲያስታውቅ ያቀረበው ነገር በኋላ እውነት ሆኖ ተገኝቷል። ለጋሾቹ አንድም ቍጥሩን ስላላመኑት፥ አንድም ከሶቪየት ኅብረት ጋር የተወዳጀውን መንግሥት መርዳት ስላልወደዱ ዘገዩ። የአገሩ መንግሥት ጥፋት ግን ከዚያ ይብሳል፤ መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት ሊከበር፥ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ ሊመሠረት፥ የትግላችን ሐውልት ሊመረቅ ነበርና፥ በዓሉ እስኪያልፍ የውጭ ጋዜጠኛ ወደ ሰሜን እንዳይወጣ ተከለከለ። ንጉሡ በተሻሩበት ቀን በዐሥረኛው ዓመት፥ ንጉሡን ያስወቀሰው ያው ነገር ተደገመ። ቆረም ላይ ሰው በየሌሊቱ በብርድ ሲያልቅ የነበረው በዚሁ ወራት ነው፤ የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው ካሜራ አንሺ መሐመድ አሚን ያነሡት ሥዕል ጥቅምት 13 ቀን ከታየ በኋላ ነው የዓለም ስንዴ ወደ አሰብ መጉረፍ የጀመረው፤ በአሰብም የሚያነሣው መኪና ጠፍቶ እህሉ በሜዳ ላይ ተከምሮ ሰነበተ።

ቀጥሎ የመጣው የሰፈራ ዘመቻ ነው። በኅዳር 1977 ዓ.ም. በታወጀው በዚህ ዘመቻ እስከ 1.5 ሚሊዮን የሚደርስ ሕዝብ ከወሎ፥ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ተነሥቶ ወደ ወለጋ፥ ወደ ኢሉባቦር፥ ወደ ከፋና ወደ ጎጃም መተከል እንዲሻገር ታሰበ፤ በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ጊዜ ውስጥም ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ተጓዘ፥ ከዚህም ከ100 ሺህ በላይ የሆነው ወደ ኢሉባቦር ገባ። ሐሳቡን ከሥሩ የማወግዝ አይደለሁም፤ የተራቈተ መሬት ላይ ተጨናንቆ የሚራብ ሕዝብ ለም መሬት ፍለጋ መሄዱ በኢትዮጵያ ታሪክ የኖረ ነገር ነው፥ በ1977 ዓ.ም. ከተጓዙትም ውስጥ ከመሞት መሰንበት ብለው በፈቃዳቸው የተነሡ ብዙ ነበሩ። የተበላሸው ምዝገባው ነበር። ለየአውራጃው የሰው ኮታ ተመደበ፤ ኮታው ወደ ወረዳ፥ ከወረዳ ወደ ገበሬ ማኅበር ወረደ፤ ሊቀ መንበሩም የታዘዘው ቍጥር በፈቃደኛ ካልሞላለት የሚጣላውን ሰው፥ ድምፅ የሌለውን ድኻ፥ መሬቱን የተመኘበትን ጎረቤት ስም እየጻፈ ሞላው። በአንዳንድ መጠለያ ጣቢያም ለሰፈራ ለተመዘገበ ራሽን ይሰጥ፥ ላልተመዘገበ ይከለከል ነበር። ለማዳን የተላከ እህል በዚህ ዐይነት ሰውን የማስነሻ መሣሪያ ሆነ። በጨለማ ከተሰረቀ ጆንያ ይልቅ ይህ እጅግ የከፋ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሌባው እህሉን ወስዶ ሰውየውን ይተወዋል፥ ይህ ግን በእህሉ አማካይነት ሰውየውን ራሱን ወሰደ።

ከመቀሌና ከኮምቦልቻ በአንቶኖቭ አውሮፕላን የተጫነው ሕዝብ፥ መቀመጫ በሌለበት የጭነት ሆድ ውስጥ ቆሞና ተደራርቦ፥ አየሩ የሳሳበት ከፍታ ላይ ሕፃንና ሽማግሌ እየታፈነ አዲስ አበባ ይደርስ ነበር። ባል በአንድ፥ ሚስት በሌላ አውሮፕላን የተጫኑ፥ ልጆቻቸውን በጣቢያ ትተው የታፈሱ ቤተ ሰቦች ዳግም ሳይገናኙ ቀርተዋል። ከአዲስ አበባ ወደ መቱ 600 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆነው በጅማና በበደሌ መንገድ፥ ከራያና ከዋግ ቋጥኝ በቀር ሌላ ያላየ ገበሬ ሰማይን የሚሸፍን ዛፍ ወዳለበት አገር ገባ።

በኢሉባቦር ሰፈራው ሁለት ዐይነት ነበር፤ መደበኛ የተባለው ጫካ ተመንጥሮ፥ ትራክተር ቀርቦ፥ በሺህ የሚቈጠር ሰው በአንድ ስፍራ በኅብረት የሚያርስበት ሲሆን፥ ስግሰጋ የተባለው ደግሞ ሰፋሪው በነባሩ ገበሬ መንደር መካከል እየተከፋፈለ የሚገባበት ነበር። በኢሉባቦርና በከፋ ይልቁንም ስግሰጋው በዛ፥ ለመንግሥት የሚያስወጣው ገንዘብ አነስተኛ ነበርና። ወጪው ግን አልጠፋም፤ ወደ ነባሩ ገበሬ ተላለፈ። እያንዳንዱ ገበሬ ማኅበር ይህን ያህል አባወራ ትቀበላለህ፥ ይህን ያህል ጎጆ ትሠራለህ፥ ይህን ያህል መሬት ታካፍላለህ ተባለ። ትእዛዙ የመጣበትን ጊዜ ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ በዚህ አገር የቀላው ቡና የሚለቀምበት፥ ቤተ ሰብ ሁሉ ቅርጫቱን ይዞ ከጫካ የሚውልበት፥ የዓመቱ ጨው፥ ልብስና ግብር የሚገኝበት ወር ነው። በዚያ ወር ገበሬው ከቡናው ተነሥቶ እንጨት ቈረጠ፥ ማገር አሰረ፥ ሣር አጨደ፥ ጭቃ አቦካ፤ ጎጆው ሲያልቅ በገዛ በሬው ለእንግዳው አረሰለት፥ ድስትና እንስራም ከቤቱ አውጥቶ ሰጠ። ከለንደንና ከፊላደልፊያ ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች ስለ ዘፈኑት ሰዎች እስከ ዛሬ ይነገራል፤ የኢሉባቦር ኦሮሞ ገበሬ ግን በረጂዎች ተርታ ስሙ ሲነሣ አልሰማሁም። ፈቃዱን የጠየቀውም አልነበረም። ምጽዋት በፈቃድ ሲሆን ጽድቅ ነው፤ በትእዛዝ ሲሆን ግን ሰጪውን ቅር ያሰኛል፥ ተቀባዩንም ያላጠፋውን ጥፋት ያሸክመዋል፤ ሰፋሪው ሳያውቀው በሰው መሬት ላይ የተቀመጠ እንግዳ ሆነ።

የሰፋሪውም መከራ እህል በማግኘት አላበቃም። በቆላው የገንዲ በሽታ በሬውን ገደለበት፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሞፈር ይዞ ያደገ የወሎ ሰው በዶማ ለመቈፈር ተገደደ። ወባው የደጋውን ሰው አጠቃው። በቆሎው ማፍራት ሲጀምር ዝንጀሮና ከርከሮ ይመጣበታልና፥ ማማ ሠርቶ ቀን ከዝንጀሮው፥ ሌሊት ከከርከሮው ጋር ሲጮኽ ማደር ነበረበት፤ ነባሩ ገበሬ ይህን ከአባቱ የተማረው ነው፥ ሰፋሪው ግን በመጀመሪያው ዓመት ያላወቀውን ያህል አጣ። ጤፍና ማሽላ የለመደ አፉ ጎደሬና በቆሎ ለመደ። እነዚህን ነገሮች አስቀድሞ ከነባሩ ገበሬ ጠይቆ ማወቅ ቀላል ነበር፤ ጥያቄው የቀረበለት ግን አልነበረም፥ ዘመቻው ሰው አደርሳለሁ ማለትን እንጂ ሰው አኖራለሁ ማለትን አልቈጠረውምና።

ስለ ሟቾቹ ብዙ ክርክር ተደርጓል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው የፈረንሳይ ማኅበር በሰፈራው ምክንያት እስከ 100 ሺህ ሰው እንደ ሞተ ተናግሯል፥ በ1978 ዓ.ም. መጀመሪያም ከአገር ተባረረ፤ መንግሥት ነገሩን ሐሰት ነው አለ፤ ሌሎች አጥኚዎች ቍጥሩን ወደ 50 ሺህ አወረዱት። የተባረረው ማኅበር ላይ የቀረበው ክስ ፖለቲካ ገብቶበታል የሚል ነበር፤ ዝም ያሉት ሌሎች ድርጅቶች ግን ያየነውን ሳንናገር በመቆየታችን የእህሉ ጉዞ እንዳይቋረጥ አድርገናል ሲሉ ተከራክረዋል። ይህን ክርክር ቀላል አድርጌ አላየውም፤ ሕሙም የያዘ ሐኪም ከአገር ሲወጣ ሕሙሙ ይጐዳል። ነገር ግን የረጂው ዝምታ ምግብ የሚገዛበት ገንዘብ ሲሆን፥ ዋጋውን የሚከፍለው ሁልጊዜ ያው ረሃብተኛ ነው። የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽነሩ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ ራሳቸው በዚያው ዓመት ከአገር ወጥተው ቀሩ፥ በኋላም የውስጡን ነገር በመጽሐፍ ጻፉት።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ፥ በኮታ ከተጻፉት ብዙዎቹ ማንም ሳያዝዛቸው ዕቃቸውን አንሥተው በእግርና በጭነት መኪና ወደ ወሎ ተመለሱ፤ የቀድሞ መሬታቸው ግን ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ጠበቃቸው። የቀሩትም አሉ፤ ኦሮምኛ ተምረው፥ በቡና ለቀማ ተቀጥረው፥ ወይም ከነባሩ ጋር በእኩል አርሰው፥ ልጅ ዳሩና ኩለው ኖሩ። ይህን ያደረገው የዘመቻው ጥበብ ሳይሆን የሁለቱ ድኾች ትዕግሥት ነው፤ ገበያና እድር፥ ለቅሶና ሠርግ አገናኛቸው።

በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. ሰፈራ ዳግመኛ ሲነሣ፥ ከ1977ቱ የተማሩት አንዳንድ ነገር መኖሩ ታየ፤ በፈቃድ ይሁን፥ ከክልል ክልል አይሻገር፥ ሰፋሪው ለሦስት ዓመት የቀድሞ መሬቱን አይጣ፥ ካልተመቸው ይመለስ ተባለ። በዚህ መሠረት ከምሥራቅና ከምዕራብ ሐረርጌ የተነሣ ብዙ ሺህ ቤተ ሰብ በደዴሳ ሸለቆ ጨዋቃ ሰፈረ። እዚያም ቢሆን ጫካው በአጭር ጊዜ ተመነጠረ፥ የጤና ጣቢያውና መንገዱ ከሰዉ ዘግይቶ ደረሰ። ቢሆንም ሰው እየጠየቁ መጻፍና እያፈሱ መጻፍ አንድ እንዳልሆነ ከመተከል ይልቅ በጨዋቃ ይታያል።

የምዝገባው ነገር ግን በዚህ አላበቃም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ፕሮግራም በትግራይ፥ ቀጥሎም በሰኔ መጀመሪያ ከአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት ጋር በመላው ኢትዮጵያ የምግብ ዕርዳታውን አቆመ፤ ለረሃብተኛ የተላከ ስንዴ በገበያ ሲሸጥና በዱቄት ፋብሪካ ሲፈጭ በመገኘቱ፥ አሜሪካኖቹም ስርቆቱ የተስፋፋና የተቀናጀ ነው በማለታቸው ነበር። ነገሩ በማንም ዐይን ፊት ያለ ነበር። የሰው ወርኃዊ ራሽን በሥርዓቱ 15 ኪሎ እህል ነበር፤ መዝገቡ ላይ የሞተ ሰው፥ አገር የለቀቀ ሰው፥ ያልተወለደ ሕፃን ስም ከገባ በየወሩ በየስሙ 15 ኪሎ ይተርፍ ነበር፤ ራሽኗን የምትቀበል አሮጊትም ጣቷን በቀለም ነክራ ለ15 ኪሎ ትፈርም ነበር፥ ከዚያ ላይ የማውረጃ፥ የመጓጓዣ፥ የመዋጮ እየተባለ በጣሳ ይቀነስባት ነበር፥ ቤቷ ስትደርስ የምታገኘው ሌላ ነበር። ለማን ትጩኽ? ስሟን የጻፈውም፥ እህሉን የሰፈረላትም፥ አቤቱታዋን የሚሰማውም አንዱ የቀበሌ ሹም ሲሆን፥ ጩኸቷ በሚመጣው ወር ከመዝገብ ሊያስወጣት እንደሚችል ታውቅ ነበር።

ስለዚህ ዕርዳታው በ2016 ዓ.ም. ሲከፈት ከቀረቡት ማሻሻያዎች ዋናው የተረጂዎችን ምርጫ ከአስተዳደር ሹማምንት እጅ አውጥቶ በማኅበረ ሰቡና በረጂ ድርጅቶቹ ማድረግ፥ ስሙን በኤሌክትሮኒክ መዝገብ መያዝና ጆንያውን ከወደብ እስከ እደላ መከታተል ሆነ። ዘግይቷል። እህሉ በቆመባቸው ወራት የተቀጡት ስንዴውን የሸጡት አልነበሩም፤ በጥር 2016 ዓ.ም. የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በትግራይና በአማራ ክልሎች ወደ 400 የሚጠጋ ሰው በረሃብ መሞቱን አስታወቀ፤ ድርቁም የጦርነቱም ጠባሳ ድርሻ ነበራቸው፥ ለብዙዎቹ አስቀድሞ የቀረችው ግን በየወሩ ትደርስ የነበረችው ራሽን ነበረች።